ለደሴ ቤት፦ ቦይለር፣ ሻወር ሂተር ወይስ ሶላር?

ደሴ ላይ ቤት የጨረሰ ሰው ሁሉ ስለ ገላ ውሃ ማሞቂያ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። መልሱን ከፊት እናስቀምጠው፦ ባለ 50 ሊትር፣ 1500 ዋት የኤሌክትሪክ ቦይለር ግዙ። 60 ዲግሪ የሞቀ 50 ሊትር ከቀዝቃዛው ጋር ሲቀላቀል 100 ሊትር ያህል የገላ ውሃ ይወጣዋል፤ ሦስት ሰው ተራ በተራ ይታጠብበታል።

ሻወር ሂተር ሱቅ ላይ ከሦስቱ ይረክሳል፤ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። 5500 ዋቱ በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል። ለሶኬት ከተዘረጋው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ላይ ከተቀጠለ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግልና ልባሱ ሊቀልጥ ይችላል። ስለዚህ ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ ባለ 6 መስመርና 32 አምፔር ብሬከር ያስፈልገዋል። ከቆጣሪው እስከ መታጠቢያ ቤቱ 20 ሜትር ቢሆን ለፌዝ፣ ለኑልና ለመሬት ሽቦ በድምሩ 60 ሜትር ነው። የሜትሩን ዋጋ ጠይቃችሁ በ60 አባዙት፤ ብሬከሩንና የእጅ ዋጋውን ደምሩበት፤ ከቦይለር ጋር የምታወዳድሩት ያንን ድምር ነው። ሽቦውን ስትገዙ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ እዚያው መልሱት።

በእርግጥ ሻወር ሂተር ያሞቀውን ውሃ አያስቀምጥም፤ ስለዚህ በከንቱ የሚበርድ ሙቀት የለውም። ስምንት ደቂቃ መታጠብ 0.73 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይወስዳል። በመብራት ቁጠባ እሱ ይቀድማል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ችግሩ ምሽት ላይ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ 180 ከደረሰ የ5500 ዋቱ ጉልበት 3700 አካባቢ ይሆናል፤ በጥቅምት ብርድ ለብ ያለ ውሃ ራስ ላይ ይወርዳል። ቦይለር በዚሁ ቮልቴጅ የሚያደርገው መዘግየት ብቻ ነው፦ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ የሚፈጀው 2 ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ውሃው ግን ይሞቃል። ቤት ውስጥ ምጣዱና ሂተሩ አብረው ከበሩ ደግሞ 40 አምፔር ያልፋል፤ ዋናው ብሬከር ሊወርድ ይችላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁሉም የሚጠቀመው ከሮቶ ነው፤ 3 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ስለሆነ ብዙ ሂተር ጨርሶ አይነሳም።

ሶላር ለኮምቦልቻ ሰው ያዋጣ ይሆናል፤ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ በሚከርምበት በሐምሌና በነሐሴ ግን የደሴው ሶላር ያለ ኤሌክትሪክ አጋዥ አያዘልቅም፤ ያኔ የሁለቱንም ዋጋ ከፈላችሁ ማለት ነው። ሒሳቡን ለመሥራት፦ በቀን 50 ሊትር ማሞቅ በወር 75 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። የሶላሩንና የቦይለሩን የዋጋ ልዩነት የእናንተ ታሪፍ በ75 ተባዝቶ ለሚመጣው ብር አካፍሉት፤ ስንት ወር እንደሚፈጅ ታያላችሁ። ከገዛችሁም የመስታወት ቱቦውን ጫፍ ተመልከቱ። ብርማው ቦታ ነጭ ከሆነ አየር ገብቶበታል፤ አያሞቅም። ውሃ ጠፍቶ ቱቦው ባዶውን ፀሐይ ሲመታው ከዋለ ደግሞ ቀትር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትልቀቁበት፤ ይሰነጠቃል። ማታ ወይም ማለዳ ሙሉት።

ወደ ቦይለሩ። ገበያው ላይ ስሙ ከታወቀው በአንድ ፊደል የሚለይ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ አለ። ሻጩን የታችኛውን ክዳን በካቻቢቴ አስከፍቱት። ቴርሞስታቱ ላይ፣ ሙቀቱ ሲያልፍ መብራት የሚቆርጠው መከላከያ ከነመመለሻ ቁልፉ መኖር አለበት፤ የመሬት ሽቦው ብሎንም እንዲሁ። ታንከሩን ከዝገት የሚጠብቅ ማግኒዥየም ዘንግ እንዳለውና መለዋወጫው እዚያው ሱቅ እንደሚሸጥ ጠይቁ። ጓርኒሲዮን (የጎማ ማሸጊያው) እና ሬዚስታንስ (ውሃውን የሚያሞቀው ዘንግ) የማይገኝለት ቦይለር የቱንም ያህል ቢረክስ ውድ ነው፤ አንድ ጎማ ሲበላሽ ሙሉው ይጣላል።

መብራት የሚበላው አጠቃቀሙ ነው። 24 ሰዓት በርቶ የሚውል ባለ 50 ሊትር፣ ማንም ሳይታጠብበት በቀን ወደ 1 ኪሎዋት ሰዓት ያባክናል፤ በወር 30። የታሪፉ እርከን በ50፣ በ100፣ በ200 ስለሚቀየር ይህቺ 30 ብቻዋን ወደ ላይኛው እርከን ልታሻግራችሁ ትችላለች። ከመታጠብ 2 ሰዓት በፊት አብሩ፣ ከዚያ አጥፉ፤ ታይመር ብታስገቡ ይበልጥ ጥሩ። ቴርሞስታቱን 60 ላይ አድርጉት። ከዚያ ሲያልፍ ጨው ቶሎ ይጋገራል። የሙቅ ውሃውን ቧንቧ በስፖንጅ ልባስ ሸፍኑ፤ ቦይለሩንም ከሻወሩ አጠገብ ስቀሉ።

በዓመት አንዴ ይከፈት። ብሬከሩን አውርዱ፣ የቀዝቃዛውን ቫልቭ ዝጉ፣ የሙቁን ቧንቧ ከፍታችሁ ታንከሩን አፍስሱ፤ ከዚያ ብሎኖቹን በቺያቤ ፈትታችሁ ሬዚስታንሱን ሳቡት። እንደ ቅርፊት ነጭ ጨው ለብሶ ይወጣል። በመዶሻ አታራግፉት፣ ስስ ቆዳው ይሰነጠቃል፤ አቼቶ ውስጥ ሲያድር ራሱ ይለቃል። ዘንጉ ተበልቶ የመሐሉ ሽቦ ከታየ ቀይሩት፤ እሱ ካለቀ በኋላ ዝገቱ የሚበላው ታንከሩን ነው። ጓርኒሲዮኑን በአዲስ ለውጡ። ስትመልሱ የሙቁ ቧንቧ አየሩን ጨርሶ ውሃ አስተካክሎ እስኪያወርድ ድረስ መብራት አትልቀቁ፤ ባዶ ታንከር ላይ የበራ ሬዚስታንስ ወዲያው ይቃጠላል። ውሃ ጠፍቶ በመጣ ቁጥርም ይህንኑ አድርጉ።

ሲሞቅ ከሴፍቲ ቫልቩ የሚንጠባጠበው ውሃ ብልሽት አይደለም፤ የሰፋው ውሃ ነው። ቀጭን ቱቦ አስገብታችሁ ወደ ፍሳሹ ምሩት እንጂ በቴፍሎንም በቡሽም አትድፈኑት።