ድንጋይ ከሰል ወይስ ሶላር? ድሬዳዋ ላይ ለፋብሪካ ኃይል ለምትገዙ

ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሙቀቱንና ኤሌክትሪኩን ለዩ። የሲሚንቶ ምድጃ ጥሬ ዕቃውን እስከ 1,450 ዲግሪ ማድረስ አለበት፤ ለአንድ ቶን ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ ለሚሆነው ከምድጃው ለሚወጣ ጠጠር) ከ120 እስከ 140 ኪሎ ጥሩ ከሰል ይበላል። የሶላር ፓኔል ይህን አይተካም፤ ይተካል የሚላችሁን ሻጭ እለፉት። ወፍጮውንና ማራገቢያውን የሚያዞረው፣ በቶን ሲሚንቶ 100 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ግን፣ ቢያንስ የቀኑ ድርሻ፣ ለሶላር የተመቸ ነው።

በሜጋ ዋት አታወዳድሩ። 1 ሜጋ ዋት የከሰል ማመንጫ ሌት ተቀን ከሠራ በዓመት ወደ 7 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ 1 ሜጋ ዋት ሶላር ድሬዳዋ ላይ 1.7 ሚሊዮን ገደማ። ምትኩ እንግዲህ 4 ሜጋ ዋት፣ ከ6 እስከ 8 ሄክታር መሬት ነው፤ ለሌሊቱ ደግሞ ባትሪ ወይም ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣ ኃይል። ከሰሉ በበኩሉ በዓመት 3,500 ቶን ገደማ ይጠይቃል፦ 40 ቶን በሚጭን ተሳቢ ወደ 90 ምልልስ፣ አመዱን የት እንደምትደፉት ሳይነሳ። ከውጭ የሚገባ ከሰል በየጭነቱ ዶላር ይፈልጋል፤ የሶላር ዶላር በአመዛኙ ሲተከል ያልቃል።

የድሬዳዋ ፀሐይ ብትበዛም ሙቀቷ ይጎዳል። አየሩ 35 ዲግሪ ሲሆን ፓኔሉ 65 ይደርሳል። ከ25 በላይ ለያንዳንዱ ዲግሪ 0.35 በመቶ የሚያጣ ፓኔል በዚያ ሰዓት 14 በመቶ ኃይሉ ይቀንሳል፤ 0.30 የሚያጣው 12። ስለዚህ ከዋቱ እኩል ይህችን ቁጥር ጠይቁ። አየሩ ቀዝቀዝ በሚልባት ሐረር ብክነቱ ያንሳል። ኢንቨርተሩን (የፓኔሉን ኤሌክትሪክ ለፋብሪካው እንዲሆን የሚቀይረውን መሣሪያ) ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አትዝጉት፤ ሲግል ራሱ ኃይል ይቀንሳል።

ብዙ ገዢ የሚያማርረው መብራት ሲጠፋ ነው። ከመስመር ጋር ብቻ የሚሠራ ኢንቨርተር፣ መስመር ላይ ያለ ሠራተኛ በኤሌክትሪክ እንዳይመታ ሲባል፣ እኩለ ቀንም ቢሆን ይቆማል። መሥራት ከፈለጋችሁ ሃይብሪድ ኢንቨርተር (መስመሩ ሲጠፋ በባትሪ የሚቀጥል) ከነባትሪው፣ ወይም ሶላሩን ከጄኔሬተር የሚያናብብ መቆጣጠሪያ ውል ውስጥ ይግባ። ጄኔሬተሩ ከ30 በመቶ በታች እንዳይጫን መቆጣጠሪያው ሶላሩን ይገድበው፤ አለዚያ ሞተሩ ካርቦን ይይዛል።

የሲሚንቶ አቧራ ጤዛ ሲነካው መስታወቱ ላይ ይደርቃል፤ ተፍቆ ሲነሳ ይጭረዋል። ፓኔሉን ነፋስ ከፋብሪካው በማይነፍስበት በኩል ትከሉ፣ ሳይጋግር በለስላሳ ብሩሽ አንሱት፣ ገና ሳይግል ማለዳ እጠቡት። የጉድጓድ ውሃው ካልካሬ (የኖራ ዝቃጭ) ካለው ነጭ ቅርፊት ስለሚተው፣ ካልካሬውን በሚያስወግድ ማጣሪያ አሳልፉት። ከደቻቱ ወንዝ ዳር ከሆናችሁ ደግሞ የ1998ቱ ጎርፍ የደረሰበትን ከፍታ ጠይቁና ኢንቨርተሩንና የኬብል ሳጥኑን ከዚያ በላይ ስቀሉ።