«ቤት የተሠራ ነው» የሚባለውን የፊት ቀለም ተጠንቀቁ

አያት፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ አካባቢ ያላችሁ ወላጆች፣ ለልጆቻችሁ ልደት ወይም ለትምህርት ቤት ከለር ደይ የፊት ሥዕል ልታሠሩ ካሰባችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ቴሌግራም ላይ «ቤት የተዘጋጀ፣ ኦርጋኒክ፣ ኬሚካል የሌለው» እያሉ የሚሸጡ አሉ። ቤት ድረስ መጥተውም ይስላሉ። ለእህቴ ልጅ ልደት የመጣችው ሠዓሊ 1,500 ብር ተቀብላለች። ቀለሙን የያዘችው በባዶ የእርጎ ዕቃ ነው። ጽሑፍ የለው፣ ቀን የለው። ምን እንደገባበት ስትጠየቅ «የራሴ ቅመም ነው፣ ለወራት አይበላሽም» አለች። ቢራቢሮው አምሮ ነበር፣ አልክድም። ማታ ግን ውሃና ሳሙና ምንም አላደረገውም። ልጥ ልጥ እያለ ነው የወጣው። የልጅቷ ጉንጭ ቀልቶ አበጠ።

ደወልንላት። «እህቴ፣ የልጅቷ ቆዳ ስስ ስለሆነ ነው» አለች። የሁለት ጎረቤት ልጆች ፊትም እንደዚያው ሆኗል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በአንድ ቀን ቆዳው ሳሳ? ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳቱንም ተወችው።

እንዲህ እየተላጠ የሚወጣ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ አክሪሊክ ነው። አክሪሊክ የሸራና የእንጨት ቀለም ነው፤ ሲደርቅ ፕላስቲክ ይሆናል። ጠርሙሱ ላይ «መርዛማ አይደለም» ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ቆዳ ላይ ይቀባ ማለት አይደለም።

እውነተኛው የቤት ቀለም ምስጢር የለውም። የበቆሎ ስታርች፣ የልጆች ሎሽን፣ ጠብታ ውሃና የምግብ ቀለም ነው። ለብ ባለ ውሃ ይለቃል፤ ቀዩና ሰማያዊው ትንሽ ምልክት ሊተው ይችላል እንጂ አይላጥም። ማቆያ ስለሌለው ደግሞ ቶሎ ይበላሻል፤ የሚዘጋጀው በዕለቱ ነው። ስለዚህ «ቤት የሠራሁት ነው፣ ለወራት ይቆያል» የሚላችሁ ሰው ወይ የተበላሸ እየቀባ ነው ወይ ቤት አልሠራውም። ሎሚ ጨምሬበታለሁ ካለ ጭራሽ አታስነኩ። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠል ይችላል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ጥቁር ሂና ነው። ንጹሕ ሂና ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ቀለሙ እስኪወጣም ሰዓታት ይፈልጋል። ቶሎ የሚጠቁረው ብዙውን ጊዜ ፒፒዲ የሚባለው የፀጉር ቀለም ኬሚካል ስለሚጨመርበት ነው። ቆዳ ያቆስላል፣ ጠባሳ ሊተው ይችላል። አንዴ አለርጂ ያስያዘው ልጅ ካደገ በኋላም ፀጉሩን ሲቀባ ሊነሳበት ይችላል። ለልጅ እጅ ጌጥ ብሎ ይህን ሁሉ!

የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ብልጭልጭም ዓይን አጠገብ አይቀባ፤ ጠርዙ ስለት ስለሆነ ዓይን ይጭራል። አንድ ስፖንጅ ለሁሉም ልጅ ሲዞር ካያችሁም አስቁሙ፤ የዓይንና የቆዳ በሽታ ይዞ ይዞራል።

ሠዓሊዋ የታሸገ የቀለም ዕቃ ካላሳየቻችሁ አትክፈሉ። ካሳየችም ቀደም ብላችሁ የልጁ ክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ ቀብታችሁ እስከ ማግስቱ ጠብቁ። ጉዳት ከደረሰ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 መጠቆም ይቻላል፤ ኮስሞቲክስ የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ቀለሙንም ሁሉንም አትድፉት። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንደተቀባ ነው።