«የዓድዋ ምርኮ» ተብሎ በሰበታ መንገድ ለሚሸጠው ባለሰደፍ ሽጉጥ ቀብድ እንዳትከፍሉ

የአርበኞች ቅርስና የጥንት የጦር መሣሪያ የምትሰበስቡ ወገኖቼ፣ ከአለም ገና አልፎ በሰበታ መንገድ ዳር ባለ አንድ ግቢ ውስጥ «ከአያት ለልጅ ልጅ የወረደ የዓድዋ ምርኮ» እየተባለ ለገዢ የሚታይ አንድ ባለሰደፍ ሽጉጥ አለ። እኔ ለዚህ ዕቃ 80 ሺህ ብር ቀብድ ከፍዬ ገንዘቤን ያጣሁ ሰው ነኝ፤ በሌላ ሰው እንዳይደገም የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ።

ዕቃው በሩቁ ሲታይ ማውዘር ሲ96 የሚባለውን የጀርመን ሽጉጥ ይመስላል። ማውዘር በኦበርንዶርፍ ከተማ ከ1896 እስከ 1937 እ.ኤ.አ. ተመርቷል። 10 ጥይት የሚጎርሰው ካዝናው ከምላጩ ፊት ለፊት ነው፤ የእንጨት ማኅደሩም ከእጀታው ጀርባ ሲሰካ ሰደፍ ሆኖ ሽጉጡን እንደ አጭር ጠመንጃ ትከሻ ላይ ያስደግፈዋል። በስፔንና በቻይና አስመስለው የሠሯቸው ብዙ ስለሆኑ የአንዱን ምንጭ በመልኩ ብቻ መለየት አይቻልም።

ደላላው «ጋሼ፣ አያታችን ከጣሊያን መኮንን ወገብ ላይ የፈቱት ነው» ሲለኝ ልቤ ተነካ። የአባቶቻችን ደም ያለበትን ነገር በእጄ የያዝኩ መስሎኝ ጥያቄዬን ሁሉ ዋጥኩት፤ ቀኑን ማስላት የነበረብኝ ግን ያኔውኑ ነበር። የዓድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በፈረንጆቹ 1896 ማለትም ሽጉጡ ገና መመረት የጀመረበት ዓመት ነው። የጣሊያን ባሕር ኃይል 5,000 ማውዘር ያዘዘው ከድሉ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1899 እ.ኤ.አ. ነበር። በዓድዋ የተሰለፈው የጣሊያን ወታደር በእጁ የያዘው ቬተርሊ የሚባለውን ጠመንጃ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሼ ሄጄ በጠራራ ፀሐይ፣ በአጉሊ መነጽር መረመርኩት። ሰደፉን በመዳፌ ስይዘው ቡናማ የጫማ ቀለም በጣቶቼ ላይ ቀረ፤ ጫፉን በጥፍሬ ብፍቀው ከሥሩ ነጣ ያለ አዲስ እንጨት ወጣ። እውነተኛው ማውዘር የእጀታውን እንጨት ከሚያስረው አንድ ብሎን በቀር ሌላ ብሎን የለውም፤ የዚህኛው ጎን ግን ሁለት ብሎን ገብቶበታል። ፋብሪካው ዋናውን ቁጥር በሽጉጡ አካል ላይ ከመታ በኋላ የመጨረሻ አሃዞቹን በትናንሾቹ ክፍሎች ላይ ይደግማቸዋል፤ እዚህ ላይ ግን አካሉ፣ መዶሻውና የሰደፉ ብረት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። የፋብሪካው ስም የተጻፈበት ቦታ በዛገ ብረት የተከበበ ሆኖ ሳለ የፊደሎቹ ጠርዝ እንደ አዲስ ሳንቲም ያብለጨልጫል። ከሦስት የተለያዩ ሽጉጦች ተገጣጥሞ ማህተሙ በቅርቡ የተመታበት ዕቃ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ወረቀቱ ነው። «ሕጋዊ ነው» ብለው ያሳዩኝ የፈቃድ ወረቀት በሟች ሰው ስም የተሰጠ ሲሆን፣ የተጻፈበት ቁጥር በሽጉጡ ላይ ካሉት ከአንዱም ጋር አይገጥምም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝም ሆነ መሸጥ ወንጀል ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ዕቃ «ቅርስ ነው» ብሎ ቤቱ የሚያስቀምጥ ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ነፃነቱንም ሊያጣ ይችላል። ይህን ስነግራቸው ቀብዱ አይመለስም አሉኝ፤ የፈረምነው ውል እንኳ ስለ ሽጉጥ ሳይሆን ስለ «ጥንታዊ የቤት ዕቃ» የሚያወራ መሆኑን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው።

ጉዳዩን ለፖሊስ አመልክቻለሁ። ዕቃው ግን ባለፈው ሳምንት ለአንድ ወዳጄ በ350 ሺህ ብር ቀርቦለታል፤ ታሪኩም ተለውጦ «የማይጨው ምርኮ» ሆኗል። መለያው በሰደፉ ቀኝ ጎን ከታች ያለች የጣት ርዝመት ስንጥቅና ከእጀታው ግራ ጎን ላይ የተፈነከተ እንጨት ነው።