የጎዶት 4 ሲግናል፦ ወዲያው ይጠራል፣ ዓይነት ግን አይቆጣጠርም

ጎዶት ከተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ከቁጥር 3 ወደ 4 የተሻገረ ጌም ሠሪ ትልቁን እፎይታ የሚያገኘው ሲግናል (አንድ ነገር መከሰቱን ለሌሎች የኮዱ ክፍሎች የሚያሳውቅ ምልክት) ላይ ነው። ቀድሞ ሲግናልን ከፈንክሽን (አንድን ሥራ ከሚሠራ የኮድ ክፍል) ለማገናኘት የሁለቱንም ስም በጥቅስ ውስጥ መጻፍ ግድ ነበር፤ አንዲት ፊደል ብትሳሳት ስህተቱ የሚታየው ጌሙ ሲነሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው 4.0 ግን ፈንክሽኑን ራሱን ይቀበላል። የሌለ ፈንክሽን ከጻፉ ኤዲተሩ እዚያው መስመሩን ያቀላዋል።

አንድ ተጫዋች ተመታ እንበል። በስክሪፕቱ አናት ላይ «ጉልበት_ተቀየረ» የሚል ሲግናል ይታወጃል (የጎዶት 4 የኮድ ቋንቋ ጂዲስክሪፕት የግዕዝ ፊደል በስም ውስጥ ስለሚቀበል በአማርኛ መሰየም ይቻላል)። የመምቻው ፈንክሽን መጀመሪያ ቁጥሩን ይቀንሳል፣ ከዚያ ሲግናሉን ኤሚት ያደርጋል (ይልካል)። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የጉልበት ማሳያው አሮጌውን ቁጥር ያነባል፤ ምክንያቱም ኤሚት መልእክት አስቀምጦ የሚሄድ አይደለም። የተገናኙትን ፈንክሽኖች እዚያው አንድ በአንድ ጠርቶ ሲጨርስ ነው ቀጣዩ መስመር የሚሠራው።

ብዙዎች የሚደናቀፉትም እዚሁ ላይ ነው። ጥይት አንድ አካል ሲነካ «ቦዲ ኢንተርድ» (አካል ገባ) በሚባለው ሲግናል በሚጠራው ፈንክሽን ውስጥ ኮሊዥን ሼፑን (ግጭት የሚለካበትን ቅርጽ) ወዲያው ማጥፋት ኤረር ያመጣል፤ ፊዚክሱ ገና ሥራ ላይ ነው። መፍትሔው ለውጡን ለኋላ የሚያቆየው «ሴት ዲፈርድ» ነው።

ጉድለቱን ሳንደብቅ እንናገር። ሲግናሉ ላይ «ኢንት» (ሙሉ ቁጥር) ብለው ቢያውጁም ጽሑፍ ቢልኩበት ኤሚት አይከለክልም። ከሲግናሉ ጋር የተላኩት እሴቶች ብዛት ፈንክሽኑ ከሚቀበለው ጋር ካልተስማማ ኤረሩ የሚመጣው ሲግናሉ ሲላክ ብቻ ነው፤ ትርፉን በ«አንባይንድ» መጣል ይቻላል። አንድን ፈንክሽን ሁለቴ ካገናኙ ጎዶት ይጮሃል። ላምዳ (እዚያው የሚጻፍ ስም የለሽ ፈንክሽን) ከሆነ ግን በየጊዜው አዲስ ስለሚፈጠር ዝም ይላል፣ ጉዳቱም ሁለቴ ይቆረጣል። ተደጋግሞ ለሚገናኝ ነገር ስም ያለው ፈንክሽን ይሻላል።

በኤዲተሩ በኩል በመዳፊት ማገናኘት ለጀማሪ ምቹ ነው። ግንኙነቱ ግን የሚቀመጠው በስክሪፕቱ ሳይሆን በሲኑ (የጌሙ ትዕይንት በተቀመጠበት) ፋይል ውስጥ በመሆኑ በስክሪፕቱ የፈንክሽኑን ስም የቀየረ ሰው ሳያውቅ ይበጥሰዋል። ከመቀየርዎ በፊት ከፈንክሽኑ መስመር ጎን የግንኙነት አረንጓዴ ምልክት መኖሩን ይዩ።