የወላጆችን ፈቃደኝነት ለልጆች ንባብ ላዋሉልን አስተባባሪ ምስጋና

ልጄ በሚማርበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ ሆነው የሚያገለግሉ አንዲት እናት አሉ። ስሜ በአደባባይ አይጠራ ስላሉ ስማቸውን አልጽፍም። ሥራቸውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እሳቸውን ከልብ ማመስገን እፈልጋለሁ፤ ወላጆችና ርዕሳነ መምህራንም እንዲህ ያለ ሰው ፈልገው ቦታ እንዲሰጡት መጠቆም እፈልጋለሁ።

ፈቃደኛ ወላጅ የትም አይጠፋም። ግቢው ይጽዳ ሲባል ይመጣል፤ የተሰበረ ወንበር ይጠገን ሲባል መዶሻውን ይዞ ይመጣል፤ የወላጆች ቀን ሲደርስም ከማለዳው ተነስቶ አዳራሹን ያሰናዳል። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። ዓመቱ ሲያልቅ ግቢው አምሮ፣ ወንበሩ ተጠግኖ፣ ማንበብ ያቃተው ልጅ ግን እንዳቃተው ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል። እኛ ዘንድ ይህ የተለወጠው እሳቸው ሥራውን ከያዙ ወዲህ ነው።

ሲጀምሩ በቅድሚያ የሄዱት ወደ 1ኛ፣ 2ኛ እና 3ኛ ክፍል መምህራን ነው። ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥያቄ አቀረቡ፤ «በሳምንት አንድ ሰዓት የሚያግዝዎት ሰው ቢመጣ፣ የትኛውን ልጅ በምን ያግዝልዎት?» መምህራኑ ሳይመካከሩ ተመሳሳይ መልስ ሰጡ። አንደኛ ንባብ፣ ሁለተኛ አንድ ቤትና አሥር ቤት ለይቶ መደመርና መቀነስ። አስተባባሪያችን እነዚህን ሁለቱን ብቻ ይዘው ተነሱ። ለሥዕሉም፣ ለስፖርቱም፣ ለአትክልት ቦታውም ሐሳብ ያመጡ ወላጆች ነበሩ፤ ሁሉንም በአክብሮት አዳምጠው፣ የፈቃደኛ ሰዓት ጥቂት ስለሆነ መጀመሪያ የሚውለው ሌላው ትምህርት ሁሉ በሚቆምበት ነገር ላይ ነው አሏቸው። ያኔ ቅር ያላቸው ሰዎች ነበሩ። እኔ ግን ያን ውሳኔ ከሠሯቸው ነገሮች ሁሉ አስቀድመዋለሁ።

ምክንያት አለኝ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት መሠረት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ካሉ የ10 ዓመት ልጆች 53 በመቶ የሚሆኑት አንዲት ቀላል ታሪክ አንብበው መረዳት አይችሉም። አብዛኞቹ ደግሞ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ናቸው። ቀድሞ ማንበብ የቻለ ልጅ ብዙ ያነባል፤ ብዙ ሲያነብ ብዙ ቃላት ያውቃል፤ ብዙ ቃላት ሲያውቅ ደግሞ የሚቀጥለው መጽሐፍ ይቀለዋል። የዘገየው ልጅ በተቃራኒው ማንበብን እየሸሸ ይሄዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀትም በየዓመቱ ይሰፋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኪት ስታኖቪች ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጽሑፍ በዝርዝር አሳይተውታል። ስለዚህ በ2ኛ ክፍል የሚሰጥ አንድ ሰዓት በ6ኛ ክፍል ከሚሰጥ አንድ ሰዓት በጣም ይበልጣል። አስተባባሪያችን ይህን ያውቃሉ፤ «ለፈተና እናስጠናቸው» ብለው የትልልቆቹ ወላጆች ሲመጡም አቋማቸውን አልለወጡም።

ልጆቹን የለዩበት መንገድ እጅግ ቀላል ነው። ከመምህሩ ጋር ሆነው እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ቁጭ አድርገው ጥቂት ፊደላት፣ ቀጥሎ ጥቂት ቃላት፣ ከዚያ አጭር አንቀጽ፣ በመጨረሻ አጭር ታሪክ ያስነብቡታል። ልጁ ሳይቸገር የደረሰበት ደረጃ ይመዘገብና የንባብ ሰዓት ሲደርስ ልጆቹ በክፍላቸው ሳይሆን በደረጃቸው ይቀመጣሉ። የ3ኛ ክፍል ተማሪ ፊደል ላይ ከቆመ ከፊደል ይጀምራል። ይህን አሠራር እሳቸው አልፈጠሩትም፤ እሳቸውም ይህን ደጋግመው ይናገራሉ። ፕራታም የተባለው የህንድ የትምህርት ድርጅት ለብዙ ዓመታት የሠራበት ነው። ድርጅቱ በሙምባይና በቫዶዳራ ከተሞች ከሰፈሩ የተመለመሉ ወጣት ሴቶች ወደኋላ የቀሩ ልጆችን እንዲያስተምሩ ሲያደርግ፣ ውጤቱን ካጠኑት መካከል በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት አብሂጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ይገኙበታል። የልጆቹ ውጤት ተሻሽሎ አግኝተውታል። ልጅ ካለበት ደረጃ ተነስቶ ለማገዝ በሙያው የተመረቀ ሰው መሆን ግድ አይደለም፤ መሠልጠንና በሰዓቱ መገኘት ግን ግድ ነው።

ሥልጠናውን በተመለከተ ብዙ የምለው አለኝ፤ ምክንያቱም የእሳቸው ችሎታ ጎልቶ የታየኝ እዚያ ነው። አዋቂ ሰው ከሚያነብ ልጅ አጠገብ ሲቀመጥ ልጁ ገና ሲደናቀፍ ቃሉን ከአፉ ነጥቆ ይነግረዋል። ሁላችንም የምናደርገው ነው፤ ከፍቅር የሚመጣም ነው። እሳቸው ያሠለጠኑን ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኒውዚላንድ የተስፋፋውን ሦስት ደረጃ ያለው ዘዴ ነው፤ ቆይ፣ ጠቁም፣ አመስግን። ልጁ ሲቆም እስከ አምስት እየቆጠርን ዝም እንላለን። ብዙ ጊዜ በዚያ ዝምታ ውስጥ ራሱ ያርመዋል። ካላረመ «የመጀመሪያው ፊደል ምንድን ነው?» ወይም «እንዲህ ስትለው ዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ይሰጣል?» ብለን እንጠቁማለን። ሲያገኘው ምን እንዳደረገ ለይተን እናመሰግነዋለን። «ጎበዝ!» ብቻ አይበቃም፤ «ተመልሰህ ራስህ አረምከው፣ ጎበዝ!» እንላለን። አምስት መቁጠር ቀላል ይመስላል። አንድ ትንሽ ልጅ አጠገባችሁ ሲጨነቅ እያያችሁ መቁጠር ግን እውነተኛ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እሳቸውም እያንዳንዳችንን አጠገባችን ተቀምጠው እስክንለምደው አለማምደውናል።

የእኛ ፊደል የራሱ ጣጣ እንዳለው የተረዳሁትም ከእሳቸው ነው። 33 የፊደል ቤተሰብ በሰባት በሰባት ሲዘረዘር 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹን ሳንጨምር። ልጆች ብዙውን ጊዜ በመደዳ ሸምድደው «ሀ ሁ ሂ»ን ሲወርዱት ሁሉንም የሚያውቁ ይመስላል፤ ከመሀል አንዱን ብቻ ነጥለው ሲያሳዩአቸው ግን ከመጀመሪያው ጀምረው እየቆጠሩ ይደርሱበታል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ሳድስ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ይሰማል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይዋጣል። ስለዚህ አስተባባሪያችን ፊደሎቹን በየካርዱ ቆራርጠው አደባልቀው፣ ልጁ ቃል እየሠራ እንዲያነባቸው ያደርጋሉ። ፊደል ጠብቆ ወይም ላልቶ መነበቡም በጽሑፋችን ላይ ስለማይታይ ልጁ ዓረፍተ ነገሩን ካልተረዳ ቃሉን በትክክል ማንበብ አይችልም። ስለዚህ አንድም ንባብ ያለ ጥያቄ አያልፍም፤ «ማን ነው ያለው? ለምን እንዲህ አደረገ? ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሻል?» የንባብ ተመራማሪዎቹ ፊሊፕ ጎፍና ዊልያም ተንመር እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳሉት አንብቦ መረዳት ፊደልን መፍታትና ቋንቋን መረዳት ተባዝተው የሚሰጡት ውጤት ነው፤ አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው የቱንም ያህል ቢሆን ውጤቱ ዜሮ ነው።

የራሴን ልጅ ልንገራችሁ። 2ኛ ክፍል ሲገባ መጽሐፉን ገልጦ ጥርት አድርጎ ያነብ ነበር። ማታ ማታ ለቤተሰቡ ሁሉ አንብቦ ያስጨበጭባል። አስተባባሪያችን ሥዕሉን በወረቀት ሸፍነው ከገጹ መሀል አንድ ቃል ሲያሳዩት ዝም አለ። ገጹን በቃሉ ይዞት ነበር፤ ሥዕሉን እያየ የሰማውን ይደግማል። በክፍል ውስጥ ብዙ ተማሪዎች ስላሉ መምህርቷ ይህን ለማየት ጊዜ አልነበራቸውም፤ ሊወቀሱበትም አይገባም። አስተባባሪያችን ያገኙትን ለመምህርቷ ነገሩ፤ ሁለቱ ተመካክረው እኔን አስጠሩኝ። አነጋገራቸውን አልረሳውም። «ልጅዎ የማስታወስ ችሎታው ግሩም ነው፤ አሁን ያን ችሎታውን ፊደሉ ላይ እናውለው» አሉኝ። ልጄን አላሳፈሩትም፣ እኔንም አላስደነገጡኝም። ዛሬ አይቶት የማያውቀውን መጽሐፍ አንስቶ ያነብልኛል፤ ሲሳሳት ተመልሶ ራሱ ያርማል።

ሌላው ያስደነቀኝ ነገር ጥንቃቄያቸው ነው። ማንም ፈቃደኛ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ብቻውን አይቀመጥም። ንባቡ የሚካሄደው በሩ ክፍት በሆነ ክፍል ወይም ሌሎች ባሉበት ቤተ መጻሕፍት ነው። አዲስ ፈቃደኛ ሲመጣ ማንነቱ ተጣርቶ፣ ከነባር ፈቃደኛ ጋር ተቀምጦ አይቶ ነው የሚጀምረው። የልጅ ደረጃ ከዚያ ክፍል አይወጣም፤ «የእገሌ ልጅ እኮ ገና ፊደል ላይ ነው» ብሎ ውጭ ያወራ ሰው ከሥራው እንደሚሰናበት መጀመሪያ ቀን ተነግሮናል፤ ፈርመንበታልም። ልጅ መጽሐፉን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ካነበበ ወይም ሲጠሩት ቶሎ ካልሰማ ለመምህሩ እንድናሳውቅም አስተምረውናል። የሰነፈ የሚመስል ልጅ አንዳንዴ የሚያስፈልገው መነጽር ነው።

ማንበብ የማይችሉ ወላጆችንም ከጎናቸው አሰልፈዋል። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። አንድ አዛውንት የልጅ ልጃቸውን ሲያደርሱ ከበር ይመለሱ ነበር፤ «እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ ምን ልሠራላችሁ» ይላሉ። አስተባባሪያችን «አባቴ፣ እርስዎ የሚያውቁትን ታሪክ እኛ መጽሐፍ ውስጥ አናገኘውም» ብለው ወደ ውስጥ አስገቧቸው። አሁን ለ1ኛ ክፍል ልጆች ታሪክ ያወራሉ፤ ልጆቹ ያዳምጣሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ታሪኩን በራሳቸው አንደበት መልሰው ይናገራሉ፤ መምህርቷ ደግሞ ከታሪኩ አዳዲስ ቃላት መርጠው ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። ቋንቋ የሚዳብረው በመስማትና በመናገርም ጭምር ነው። እኚህ አዛውንት ዛሬ በወላጆች ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው ይናገራሉ። የወላጅና መምህር ኅብረቱ እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎችን ድምፅ መስማት የጀመረው በዚህ መንገድ ነው፤ ወላጅ መዋጮ ሲፈለግ ብቻ የሚጠራበት ጊዜ አልፏል።

በቁጥሩ በኩል ያለው ሥራ ገና ጅምር ነው፤ በየአሥሩ የታሰሩ እንጨቶችን ፈትቶ «መበደር» ምን ማለት እንደሆነ በእጅ ማሳየት ላይ ነን። ጥሩ እየሄደ ነው፤ ወደፊት ሌላ ወላጅ ቢጽፍበት ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ጥቆማዬ ልምጣ። በትምህርት ቤታችሁ እንዲህ ያለ አስተባባሪ ለመመደብ የምታስቡ ካላችሁ፣ የምትፈልጉት ሰው ብዙ የሚናገር ወይም ብዙ ሰው የሚያውቅ ባይሆንም ግድ የለም። መምህራንን ቀድሞ የሚጠይቅ፣ የልጅን ገመና የሚጠብቅ፣ ፈቃደኛ ሲቀር ደውሎ «ደህና ነህ ወይ» የሚል፣ ያልሠራውንም ነገር ሪፖርት ላይ የማይጽፍ ሰው ፈልጉ። ሥራውንም በትርፍ ሰዓት የሚሠራ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ልጆችን መመዘን፣ ፈቃደኞችን ማሠልጠን፣ መርሐ ግብር ማውጣትና ከመምህራን ጋር መገናኘት ሙሉ የሥራ ቀን ይወስዳል፤ ትምህርት ቤቶች ለዚህ በጀት ቢይዙ አያጠፉም ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ። ማስጀመሪያውም ትልቅ ወጪ አይጠይቅም፤ ካርድ፣ ጥቂት አጫጭር የታሪክ መጻሕፍት፣ ጸጥ ያለ ክፍልና በሳምንት የማይዘለል አንድ ሰዓት ይበቃል።

አሠራራቸውን በቅርብ ማየት የምትፈልጉ፣ በትምህርት ቤታችሁ ርዕሰ መምህር በኩል የእኛን ርዕሰ መምህር ጠይቁ፤ ሌሎች ትምህርት ቤቶች መጥተው የንባብ ሰዓቱን እንዲያዩ በደስታ ይቀበላሉ። ስትመጡ የ1ኛ ወይም የ2ኛ ክፍል መምህር ይዛችሁ ኑ፤ አስተባባሪያችን መጀመሪያ የሚያነጋግሩት መምህሩን ነው።

እናታችን፣ እኔና እኔን መሰል ወላጆች ሁሉ ስለ ልጆቻችን እናመሰግንዎታለን። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።