የቤታችንን እርጥበት ከምንጩ ላደረቁልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ከአንድ ዓመት በላይ ቤተሰቤን ያማረረ፣ ከቤታችን እርጥበት ጋር የመጣ የነፍሳት ችግር ከተወገደ እነሆ አራት ወር ሞላው። ነፍሳቱ ተመልሰው ይመጡ እንደሆነ ለማየት ምስጋናዬን እስካሁን አዘግይቼው ነበር፤ ዛሬ ግን ቤታችንን ያሳረፉልንን ባለሙያ በአደባባይ ላመሰግንና ተመሳሳይ ችግር ላለበት ሰው ሁሉ ልጠቁማቸው እወዳለሁ።

ችግሩ የጀመረው ከመታጠቢያ ቤት ነው። ሌሊት መብራት ስናበራ ብርማ ቀለም ያላቸው፣ ክንፍ የሌላቸው፣ ከኋላቸው ሦስት ቀጫጭን ክሮች ያሏቸው ነፍሳት በሴራሚኩ ላይ እየተጥመለመሉ ወደ ስንጥቁ ይሸሹ ነበር። ቀስ በቀስም ወደ መጻሕፍት መደርደሪያው ተሻገሩ። እነዚህ ነፍሳት ወረቀትና የመጻሕፍት ማጣበቂያ ስለሚመገቡ ከአባቴ የወረስኳቸውን የቆዩ መጻሕፍት ጠርዝ ሸራርፈው አገኘሁ፤ ይህ እጅግ አሳዝኖኛል። በዚያ ላይ ጸጉራም ክንፍ ያላቸው ደቃቃ ዝንቦች ከእጅ መታጠቢያው አካባቢ አይጠፉም ነበር። ሁለት ጊዜ ሰው ጠርተን መድኃኒት አስረጨን፤ በሁለቱም ጊዜ ሽታውን ሽሽት ልጆቹን ይዘን ከቤት ውጭ አደርን፤ ነፍሳቱ ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመለሱ።

እኚህ ባለሙያ ሲመጡ የያዙት የእጅ ባትሪ፣ የአየር እርጥበት መለኪያና አንድ ጥቅል ሶፍት ብቻ ነበር። ነፍሳቱን በየትኛው ክፍል፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው ጥግ ሲወጡ እንዳየን አንድ በአንድ ከጠየቁኝ በኋላ የእጅ መታጠቢያው ሥር ተንበርክከው በእያንዳንዱ የቧንቧ መጋጠሚያ ላይ ደረቅ ሶፍት ጠመጠሙ። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ደረቅ ሆነው ቆዩ። ያን መጋጠሚያ በባትሪ ሲያበሩልኝ አንዲት ጠብታ ቀስ ብላ አብጣ ጠብ ስትል አየሁ፤ ሌላዋ እስክትከተላት 20 ሰከንድ ያህል ወሰደ። ይህ በቀን ከ4,000 በላይ ጠብታ ማለት ነው፤ ውሃው በግድግዳው ሥር እየሰረገ እስከ መጻሕፍት መደርደሪያው ጀርባ ደርሶ ኖሯል። ዞኮሎውን (የግድግዳውን ግርጌ የሚሸፍነውን ጠርዝ) ሲያነሱት ከበስተኋላው ሻጋታ ወርሶት ነበር። «እህቴ፣ የሚጠጡትን እየሰጠናቸው እንዴት ብለው ይሂዱ?» አሉኝ።

ለዝንቦቹ ደግሞ ማታ በፍሳሽ ማስወገጃው አፍ ላይ ጥቂት ክፍተት ትተው ግልጽ ፕላስተር ለጠፉበት፤ ጠዋት ስናነሳው ከሥሩ 11 ዝንቦች ተጣብቀው አገኘን። እንቁላላቸውን የሚጥሉት በቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በሚጋገረው ለሐጭ መሰል ቆሻሻ ውስጥ ስለሆነ፣ እኔ ለወራት ያፈሰስኩት በረኪና በላዩ ላይ አልፎ ሲሄድ እንደኖረ ያስረዱኝ እርሳቸው ናቸው። ቆሻሻውን በረጅም ብሩሽ ፈግፍገው አወጡት። ከዚያም የቧንቧውን መጋጠሚያ ቀየሩ፤ ስንጥቁን በሲልከን ደፈኑ፤ ቆሞ የነበረውን የአየር ማስወጫ ፋን ጠገኑ። አንድም ጊዜ መርዝ አልረጩም።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ስለ እውነተኝነታቸው ነው። ብርማዎቹ ነፍሳት ለዓመታት የሚኖሩና ያለ ምግብም ረጅም ጊዜ የሚቆዩ በመሆናቸው በአንድ ቀን ይጠፋሉ ብዬ እንዳልጠብቅ አስቀድመው ነገሩኝ፤ የተጣበቁትን በየሳምንቱ እንድቆጥርም በየጥጉ ማጣበቂያ ወረቀት አስቀመጡልኝ። ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት እየቀነሰ ሄዶ በሁለት ወር ውስጥ ባዶ ሆነ። በመደርደሪያው አጠገብ መጀመሪያ 76 በመቶ የነበረው የአየር እርጥበት አሁን 48 በመቶ ነው፤ ከ50 በመቶ በታች ሲሆን እነዚህ ነፍሳት ለመራባት ይቸገራሉ።

ስልካቸውን በይፋ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ በደስታ እሰጣለሁ። የምትጠሯቸው ከሆነ ከመታጠቢያው ሥር ያለውን ዕቃ አስቀድማችሁ አውጡ፤ ወለሉን ግን አትወልውሉ፤ ውሃው የመጣበትን መንገድ የሚለዩት በተወው ዱካ ነውና።