ቋሚ ቅጥር ወይስ ኮንትራት? መልቀቂያ ከማስገባትዎ በፊት የሚሠራ ሒሳብ

«ኮንትራቱ በወር 10 ሺሕ ብር ይበልጣል» ብሎ ለመልቀቅ የሚጣደፍ ሰው አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው የውሉን ዓይነት ነው። ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ይታያል። ኮንትራት እየተባሉ የሚቀርቡት ውሎች በሕግም በኪስም የሚለያዩ ሁለት ዓይነት ናቸውና።

አንደኛው ለተወሰነ ጊዜ መቀጠር ነው። ድርጅቱ ለ1 ወይም ለ2 ዓመት ፕሮጀክት ይቀጥርዎታል፤ እርስዎ ግን እንደ ማንኛውም ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥር ነዎት። የሥራ ግብርና ጡረታ ከደመወዝዎ ይቆረጣል፣ የዓመት ፈቃድና የሕመም ፈቃድ አለዎት። ሁለተኛው የአገልግሎት ውል ነው፤ በአማካሪነት ሥራ ይሸጣሉ እንጂ አይቀጠሩም። ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያወጣሉ፣ ደረሰኝ ይቆርጣሉ፣ ታመው የቀሩበት ቀን አይከፈልዎትም።

ለመለየት ረቂቅ ውሉን ያንብቡ። «ደመወዝ» እና «ሠራተኛ» ካለ የመጀመሪያው ነው፤ «የአገልግሎት ክፍያ» ካለና የንግድ ፈቃድ ኮፒ ከተጠየቀ ሁለተኛው። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው፦ ጠዋት 2፡30 ፈርመው ይገባሉ፣ አለቃ አለዎት፣ ለመቅረት ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ ወር ሲያልቅ ግን ደረሰኝ ይቁረጡ ይባላሉ። እዚህ ላይ አሠሪው የ11 በመቶ የጡረታ መዋጮውንና የፈቃድ ወጪውን በእርስዎ ላይ አዙሯል። እንዲህ ያለውን ውል እኛ አንመክርም።

ሒሳቡ በቁጥር

አሁን በቋሚነት 25,000 ብር ያልተጣራ ደመወዝ አለዎት እንበል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው የግብር ሠንጠረዥ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ገቢ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ስሌቱ 25,000 በ35 በመቶ ተባዝቶ 2,050 ሲቀነስ ነው (2,050ው የሚቀነሰው እስከ 14,000 ያለው ገቢ በአነስተኛ መጠን ስለሚቆረጥበት ነው)፤ ግብሩ 6,700 ይሆናል። የጡረታ 7 በመቶ 1,750 ብር ነው። እጅዎ የሚገባው 16,550 ብር።

የ32,000 ብር የጊዜ ቅጥር ቢመጣ ግብሩ 9,150፣ ጡረታው 2,240፣ እጅ የሚገባው 20,610 ብር ነው። በወረቀት ላይ የ7,000 ብር ጭማሪ የነበረው ኪስ ሲደርስ 4,060 ብር ሆኗል፤ ከጭማሪው እያንዳንዱ 100 ብር ውስጥ 42ቱ ይቆረጣል። አሁን የዓመቱን ይመልከቱ። ቋሚው በ12 ወር 198,600 ብር ያስገኛል። ይህን ለማግኘት በኮንትራቱ ወደ 9 ወር ከ20 ቀን መሥራት አለብዎ። አንዱ ውል አልቆ ሌላው እስኪፈረም ሁለት ወር ተኩል ከተቀመጡ የዓመቱ ትርፍ በሙሉ ተበልቷል።

የአገልግሎት ውሉን ደግሞ በወር 35,000 እናድርገው። ከቋሚው በ40 በመቶ ስለሚበልጥ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸነፋል። በዓመት ውስጥ አንድ ወር ብቻ ያለ ሥራ ቢያልፍ ገቢው 385,000 ብር ነው። ለኢንተርኔት፣ ለላፕቶፕ፣ ለሒሳብ ባለሙያና ለፈቃድ እድሳት በወር 5,000 ቢወጣ 325,000 ይቀራል። ቋሚው ደግሞ 300,000 ደመወዝ ነው፤ አሠሪው በስምዎ የሚያስገባው 33,000 የጡረታ መዋጮ ሲጨመር 333,000 ይሆናል። ገና ግብር ሳይነካ ኮንትራቱ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። የንግድ ትርፍ ግብርዎ በየትኛው ደረጃ እንደሚሰላ ከመፈረምዎ በፊት ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄደው ይጠይቁ፤ የመጨረሻውን ልዩነት የሚወስነው እሱ ነው። እኛ ከአሁኑ ያልተጣራ ደመወዝዎ አንድ ተኩል እጥፍ በታች የሆነ የአገልግሎት ውልን እንደ ጭማሪ አንቆጥረውም።

ከፋዩ ድርጅት ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ቅድመ ግብር ቀንሶ ያስቀራል፤ የቀነሰበትን ደረሰኝ በየጊዜው ይቀበሉ። በዓመቱ መጨረሻ ከግብርዎ ላይ የሚታሰብልዎት ያ ወረቀት ሲኖር ነው፤ ከጠፋ ሁለቴ እንደከፈሉ ይቁጠሩት። ንግድ ፈቃድና መለያ ቁጥር ሳይኖር የሚቀነሰው እጅግ ከፍ ያለ ስለሆነ «መጀመሪያ ልጀምር፣ ፈቃዱን በኋላ» የሚለው ሐሳብ ያከስራል።

በደመወዝ ወረቀት ላይ የማይታየው

በአዋጁ መሠረት የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየ2 ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ለታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈላል። ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከነደመወዝ አሉ። እነዚህ ለጊዜ ቅጥርም ይሠራሉ፣ ለአገልግሎት ውል ግን የሉም። በቅርቡ ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት የአገልግሎት ውል ሲቀርብላት የአራት ወር ገቢ ከሒሳቡ ላይ ቀንሳ ትጀምር።

ሌላው ብድር ነው። ባንኮች በብዛት የሚያምኑት የቋሚ ሠራተኛን የደመወዝ ደብዳቤ ነው። የቤት ወይም የመኪና ብድር ካሰቡ ቋሚ እያሉ ይጨርሱት። የባንክ ሠራተኛ ከሆኑ ደግሞ በሠራተኛነትዎ የተፈቀደልዎ አነስተኛ ወለድ ሲለቁ ወደ መደበኛው ሊቀየር ወይም ቀሪው ባንዴ ክፈሉ ሊባል ስለሚችል የብድር ውሉን ያንብቡ።

ጊዜው ሲያልቅ የጊዜ ቅጥር በራሱ ይቋረጣል፤ ቋሚ ሠራተኛን ግን አሠሪው በማስጠንቀቂያ ሲያሰናብት እንኳ እንደ አገልግሎቱ ዘመን ከ1 እስከ 3 ወር አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። የለጋሽ ፕሮጀክት ላይ ለሚሄድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም በዩኤስኤአይዲ ገንዘብ የሚሠሩ ብዙ የአገር ውስጥ ውሎች የተቋረጡት የሠራተኛው ብቃት ታይቶ አልነበረም።

ውሉ ላይ የሚታዩ አንቀጾች

«በጀት እስካለ ድረስ» የሚል ካለ፣ በጀቱ ቢቋረጥ የስንት ቀን ክፍያ እንደሚሰጥ ያስጽፉ፤ 30 ቀን መጠየቅ ነውር አይደለም። ክፍያው በዶላር ተተምኖ በብር የሚሰጥ ከሆነ የየትኛው ባንክና የየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚወሰድ ይግለጽ፤ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ «በዕለቱ ምንዛሪ» የሚለው ውሉ የተፈረመበት ነው ወይስ የተከፈለበት ዕለት የሚል ክርክር ያስነሳል። የአገልግሎት ውል ላይ ደግሞ ክፍያ «ሥራው ሲጸድቅ» ከተባለ፣ በስንት ቀን ውስጥ አስተያየት ካልሰጡ እንደጸደቀ እንደሚቆጠር ይጨመር። ይህ ሳይኖር ሪፖርቱ የአንድ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ወራት ሊተኛ ይችላል። ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትት አያካትት በግልጽ ካልተጻፈ 15 በመቶው ከእርስዎ ይወጣል።

ለመልቀቅ ከወሰኑ

የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጡ፤ ቅጂው ላይ የተቀበለውን ሰው ያስፈርሙ፣ ቀን ያስጽፉ። አዲሱ ውል በሁለቱም ወገን ተፈርሞ ማኅተም ሳያርፍበት ግን ደብዳቤው አይውጣ፤ «ኤችአር ጨርሷል፣ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው» የሚለው ቃል ውል አይደለም። ለዘመድ ወይም ለጓደኛ በደመወዝዎ ዋስ ሆነው ከነበረ ክሊራንሱ እዚያ ላይ ይቆማል፤ ተተኪ ዋስ ማግኘት ሳምንታት ስለሚወስድ ከማስጠንቀቂያው በፊት ይጀምሩት። የመሥሪያ ቤቱ ቁጠባና ብድር ማኅበር ዕዳም እንዲሁ።

5 ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግለው፣ የሥልጠና ግዴታ ከሌለብዎና ለጡረታ አበል ካልበቁ፣ በፈቃድዎ ሲለቁም የሥራ ስንብት ክፍያ ይጠይቁ። ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ነው። ለ8 ዓመት በ25,000 ብር ወደ 83,300 ብር ይመጣል። 4 ዓመት ከ10 ወር ላይ ያለ ሰው ሁለት ወር ቢታገሥ ይሻለዋል። ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። የሥራ ልምድ ደብዳቤና የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ይዘው ይውጡ፤ የጊዜ ቅጥር ከሆነ አዲሱ አሠሪ መዋጮውን በዚያው ቁጥር ይቀጥልበታል።